እናቴን የሥነ ልቦና ሕክምና ይረዳቸው ይሆን?

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመታቸው ነው። አባታችን ካረፉ ከዓመት በላይ ቢሆንም እንቅልፍ አጥተዋል፣ እህል አይቀምሱም፣ ማኅበራቸውንም ትተዋል። በዚህ ዕድሜ የሥነ ልቦና ሕክምና ይጠቅማል ወይስ ጊዜው አልፏል?

መልስ፦ ጊዜው አላለፈም። የሥነ ልቦና ሕክምና ፈር ቀዳጁ ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ በ1905 እ.ኤ.አ. ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የተጠጋ ሰዎች ለዚህ ሕክምና እንደማይመቹ ጽፎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ግን በንግግር የሚሰጥ ሕክምና የአረጋውያንን ድባቴ እንደሚያቃልል አሳይተዋል።

የታይሮይድ ሕመም፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና አንዳንድ መድኃኒቶች ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያመጡ አስቀድመው ሐኪም ይመርምራቸው። ከዚያ የሥነ ልቦና ባለሙያው፣ እናትዎ የተዉትን ነገር ከትንሹ ጀምረው፣ ለምሳሌ ከጎረቤት ጋር ቤተ ክርስቲያን ደርሰው በመመለስ፣ ቀስ በቀስ እንዲቀጥሉ ሊያግዛቸው ይችላል። ጆሯቸው ከደከመ ዝግ ብሎና ፊት ለፊት ሊያነጋግራቸው፣ የተስማሙበትንም በትልልቅ ፊደል ጽፎ ሊሰጣቸው ይገባል። ወላጆቻችን ልጆቻቸውን ላለማስጨነቅ ሐዘናቸውን ስለሚደብቁ፣ ቢያንስ የተወሰነውን ሰዓት ብቻቸውን ከባለሙያው ጋር እንዲሆኑ አጥብቄ እመክራለሁ።

«ምነው በሞትኩ» የሚሉ ከሆነ እንደ እርጅና ምሬት አይቁጠሩት፤ ራሳቸውን ለመጉዳት አስበው እንደሆነ በግልጽ ይጠይቋቸውና በዚያው ቀን የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥ ሆስፒታል፣ አዲስ አበባ ከሆናችሁም ወደ አማኑኤል ሆስፒታል፣ ይውሰዷቸው።