አበባው አይሸተትም፣ ምግቡ አይቀመስም፦ ስለ ሂንዱ እምነት ለጠየቃችሁን

የህንድ ፊልም የማያይ ቤት ጥቂት ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከህንዳውያን ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ውለው ያድራሉ። ስለ እምነታቸው ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱን መርጠናል። የዱባይዋ እኅታችን ደብዳቤ የዕለት ኑሮዋን የሚነካ ስለሆነ መልሱን ሰፋ አድርገነዋል።

ክርስትና ክርስቶስ አለው፣ እስልምና ነቢዩ ሙሐመድ አሉት፣ ቡድሂዝምም ቡድሃ አለው። የሂንዱ እምነት መሥራች ማን ነው? መቼስ ተጀመረ?
*የታሪክ ተማሪ፣ ከደሴ*

መሥራች የለውም። ስሙ ራሱ ከወንዝ የመጣ ነው። ዛሬ በአብዛኛው በፓኪስታን ምድር የሚፈሰውን ታላቅ ወንዝ በሳንስክሪት ሲንዱ ይሉታል። ፋርሶች «ስ»ን «ህ» አድርገው ሂንዱ አሉት፤ ከወንዙ ባሻገር የሚኖረውም ሕዝብ በዚያው ስም ተጠራ። ምእመናኑ እምነታቸውን ሳናታና ዳርማ ማለት ይወዳሉ፤ ዘላለማዊው ሥርዓት እንደ ማለት ነው።

በዚሁ ወንዝ ሸለቆ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2600 እስከ 1900 ገደማ ሃራፓንና ሞሄንጆ ዳሮን የመሰሉ ከተሞች ነበሩ። ጽሑፋቸው እስካሁን ስላልተፈታ ምን ያመልኩ እንደነበር አፍ ሞልቶ መናገር አይቻልም። የምንረግጠው መሬት የሚጸናው ከሪግ ቬዳ ጀምሮ ነው። ይህ 10 መጻሕፍትና 1,028 መዝሙሮች ያሉት ስብስብ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1500 እስከ 1200 ባለው ዘመን እንደተደረሰ ይገመታል። በዚያን ጊዜ ቤተ መቅደስም ምስልም አልነበረም። ሜዳ ላይ እሳት ይነድና ቅቤ፣ ወተትና እህል ይጨመርበታል፤ እሳቱ፣ ማለትም አግኒ፣ መባውን ወደ አማልክት የሚያደርስ መልእክተኛ ነው። ዛሬ ስማቸው የገነነው ቪሽኑና ሺቫ ያኔ ትልቁን ስፍራ አልያዙም፤ ትልቁ ኢንድራ ነበር። ካርማ (ሰው ለሥራው የሚያገኘው ፍሬ)፣ ዳግም መወለድና ከዚያ ዑደት ነጻ መውጣት የተብራሩት ኋላ በመጡት፣ ኡፓኒሻድ በሚባሉት የጥበብ መጻሕፍት ነው። የምስልና የቤተ መቅደስ አምልኮ ደግሞ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ተስፋፋ።

አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አንፈልግም። ቬዳዎቹ፣ ማለትም ሪግ ቬዳን የመሰሉት ጥንታውያን ቅዱሳት መጻሕፍት፣ ለብዙ ዘመናት የኖሩት በብራና ሳይሆን በቃል ነው። ሪግ ቬዳ የሚጀምርባቸውን ሦስት ቃላት እንውሰድ፦ አግኒም፣ ኢሌ፣ ፑሮሂታም። ጋና በተባለው ከባድ የንባብ ደረጃ ተማሪው እንዲህ ይላል፦ አግኒም ኢሌ፣ ኢሌ አግኒም፣ አግኒም ኢሌ ፑሮሂታም፣ ፑሮሂታም ኢሌ አግኒም፣ አግኒም ኢሌ ፑሮሂታም። ከዚያ አንድ ቃል ወደ ፊት ይራመድና ከ«ኢሌ» ይነሣል። አንዲት ቃል ብትዘለል ወደ ኋላ ሲመለስ ትጋለጣለች። ዜማ ቤት ወይም ቅኔ ቤት ያለፈ ሰው የዚህ ድካም ይገባዋል።

330 ሚሊዮን አማልክት አሏቸው የሚባለው እውነት ነው? ፊልም ላይስ ማን ማን እንደሆነ በምን እለያለሁ?
*ከባህር ዳር*

ክርክሩ ያለው በአንድ ቃል ላይ ነው። የጥንቶቹ መጻሕፍት 33 አማልክትን ይቆጥራሉ፤ 8 ቫሱዎች፣ 11 ሩድራዎች፣ 12 አዲትያዎች፣ ከእነርሱም ጋር ኢንድራና ፕራጃፓቲ። ኮቲ የሚለው ቃል «ዓይነት»ም «10 ሚሊዮን»ም ስለሚሆን 33 ኮቲ ሲባል 330 ሚሊዮን ተብሎ እንደተወሰደ ብዙ የሂንዱ መምህራን ያስረዳሉ። ብሪሃዳራንያካ በተባለው ኡፓኒሻድ ያጅናቫልክያ የተባለ ጠቢብ አማልክት ስንት እንደሆኑ ደጋግሞ ይጠየቃል። መጀመሪያ 3,306 ይላል፤ ሲደገምበት 33፣ ከዚያ 6፣ ከዚያ 3፣ 2፣ 1 ተኩል፣ በመጨረሻም 1 ይላል። አብዛኛው ምእመን ዛሬም የሚያስበው እንዲህ ነው፤ መጨረሻ የሌለው አንድ ህላዌ፣ ብራህማን፣ በብዙ ስምና መልክ ይገለጣል። ብራህማንን ግን ከብራህማ ጋር አታምታቱት። ብራህማ አራት ራስ ያለው ፈጣሪ አምላክ ነው፤ ለእርሱ የቆሙ ቤተ መቅደሶች በጣም ጥቂት ሲሆኑ ስመ ጥሩው በራጃስታን፣ ፑሽካር ያለው ነው። በተግባር ሕዝቡ የሚጎርፈው ወደ ቪሽኑ፣ ወደ ሺቫና ዴቪ ወደምትባለው እናት አምላክ ነው።

ለመለየት ፊታቸውን ሳይሆን እጃቸውንና እግራቸው ሥር ያለውን እንስሳ ተመልከቱ። ቪሽኑ የባሕር ዛጎልና ስለታም ቀለበት ይይዛል፤ የሚጓዘው ጋሩዳ በተባለ ወፍ ነው። ክሪሽና የእርሱ መገለጫ ሲሆን በዋሽንቱና በፒኮክ ላባው ይታወቃል። አንገቱ ላይ እባብ፣ ፀጉሩ ላይ ግማሽ ጨረቃ፣ እጁ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ጦር ካለ ሺቫ ነው፤ ከፊቱ የተኛው ወይፈን ናንዲ ይባላል። አንበሳ ወይም ነብር ላይ ብዙ እጆች ያሏት ዱርጋ፣ ክራር መሰል መሣሪያ የያዘችው የዕውቀቷ ሳራስዋቲ፣ ከእጇ ወርቅ የሚፈስሰው ላክሽሚ ናት። ባለ ዝሆን ራሱ ጋኔሻ ነው፤ አንዱ ጥርሱ የተሰበረ ነው፣ እግሩ ሥር አይጥ አለ። እንቅፋት የሚያስወግድ እርሱ ስለሆነ ማናቸውም ጸሎት በእርሱ ስም ይከፈታል።

የምሠራው ከህንድ ቤተሰብ ጋር ነው። ማድ ቤቱ አጠገብ ትንሽ የጸሎት መደርደሪያ አላቸው። ማዳም በየጠዋቱ ደወል ትደውላለች፣ እሳት ታዞራለች። አንድ ቀን ለዚያ የሚቀርበውን ምግብ ጨው ቀምሼ እንደ አዲስ አሠራችኝ። ሌላ ቀን አበባ ሳሸት ተቆጣች። ጥፋቴ ምንድን ነው?
*ከዱባይ*

እኅታችን፣ በእኛ ቤት ልማድ ምንም አላጠፉም፤ በእነርሱ ሥርዓት ግን ሁለቱም ትልቅ ነገር ናቸው። ይህ ሥርዓት ፑጃ ይባላል። ምስጢሩን በአንድ ቃል እንንገርዎ፤ እንግዳ መቀበል ነው። አምላኩ ከደጅ እንደ ደረሰ የተከበረ እንግዳ ይስተናገዳል። ሙሉው ፑጃ 16 መስተንግዶ አለው። ይጠሩታል፣ መቀመጫ ያቀርቡለታል፣ እግሩን ያጥቡታል፣ ያስታጥቡታል፣ የሚጎነጨው ውሃ ይሰጡታል፣ ገላውን ያጥቡታል፣ ያለብሱታል፣ የሰንደል ቅባት ይቀቡታል፣ አበባ ያቀርባሉ፣ ያጥናሉ፣ መብራት ያበራሉ፣ ያበሉታል፤ ኋላም ዞረውና ሰግደው ይሸኙታል። እግር አጥቦ ማዕድ ማቅረብን ለእኛ ሰው ማስረዳት አያሻም። በየጠዋቱ የሚያዩት አጭሩ ነው፤ አምስት ነገር ብቻ፦ የሰንደል ቅባት፣ አበባ፣ ዕጣን፣ መብራትና ምግብ።

እንግዲህ የተቀመሰ ምግብ ትራፊ ነው፤ ለእንዲህ ያለ እንግዳ ትራፊ አይቀርብም። የአበባም የመጀመሪያው ሽታ የእርሱ ነው፤ የተሸተተ፣ መሬት የወደቀ ወይም የጠወለገ አይሆንም። ስለዚህ ጨዉን ለክተው ይጨምሩ። ለ1 ኩባያ ደረቅ ምስር ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ካነሰ የአምላኩ ድርሻ ተቀንሶ ከቀረበ በኋላ የቀረውን ቀምሰው ያስተካክሉት። ለመባ የሚሆን ምግብ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አይገባበትም። የተሰባበረ ሩዝም ለመባ አይሆንም፤ በእርድ ተቀብቶ የሚበተነው ሩዝ ስሙ አክሻታ ነው፣ «ያልተሰበረ» ማለት ነው።

መብራቱን እንዲያዘጋጁ ከታዘዙ ክሩ የጥጥ ይሁን። ቅቤው ቅመም የሌለበት ንጹሕ ቅቤ ነው፤ በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረው የእኛ ቅቤ ቅመሙ እያረረ ያጨሳል። አየር ማቀዝቀዣ ባለበት ክፍል ቅቤው ይረጋና ክሩ መሳብ ያቅተዋል፤ መጀመሪያ አቅልጠው ክሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይንከሩት፣ ከማብሪያው አፍ እንደ ሩዝ ፍሬ ብቻ ብቅ ይበል። ከረዘመ ጥላሸት ያወጣል። እሳቱን በአፍዎ እፍ ብለው እንዳያጠፉ፤ እስትንፋስ እንደ ትራፊ ስለሚቆጠር ራሱ እስኪጠፋ ይተዋል፣ ወይም በአበባ ይዳፈናል።

በበዓል ቀን ምስሉ የሚታጠበው ፓንቻምሪታ በተባለ የአምስት ነገሮች ድብልቅ ነው። ለአንድ ቤት ግማሽ ኩባያ ወተት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ እርጎ፣ 1 ማንኪያ ማር፣ 1 ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ ማንኪያ የቀለጠ ቅቤ ይበቃል። ማርና ቅቤ እኩል አይደረጉም፤ አዩርቬዳ የተባለው የህንድ ባህላዊ ሕክምና እኩል ሲሆኑ ይጎዳሉ ይላል። ወተቱ የቀዘቀዘ ይሁን። የሚቀላቀለውም በማይዝግ ብረት ወይም በብር ዕቃ እንጂ በመዳብ አይደለም፤ የእርጎው ኮምጣጣነት መዳቡን እየበላ ድብልቁን ያበላሸዋል።

እሳት ማዞሩ አራቲ ይባላል። ደወሉ በግራ እጅ፣ መብራቱ በቀኝ ይያዝና በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል። በብዙ ቤት ልማድ እግሩ ዘንድ 4 ጊዜ፣ እምብርቱ ዘንድ 2 ጊዜ፣ ፊቱ ዘንድ 1 ጊዜ፣ ሙሉ አካሉን 7 ጊዜ ነው። የብርሃኑ ዓላማ ያ እንግዳ ከእግር እስከ ራሱ እንዲታይ ነው፤ መተያየቱን ዳርሻን ይሉታል፣ የጸሎቱ ልብ እርሱ ነው። ከዚያ ቤተሰቡ መዳፉን እሳቱ ላይ ዘርግቶ ዓይኑንና ግንባሩን ይዳብሳል። ግንባር ላይ የሚነካው ቀይ ዱቄት ኩምኩም ነው። ጥንት የሚሠራው ከእርድና ከኖራ ነበር፤ ቢጫው እርድ ኖራ ሲነካው ይቀላል። ርካሹ በማቅለሚያ ስለሚሠራ ቆዳ ሊያሳክክ ይችላል።

መደርደሪያውን ሳይታዘዙ አይንኩ። ሲያጸዱ ጫማ አውልቀው፣ ቀበቶና ቦርሳን ጨምሮ ቆዳ ነገር አስቀምጠው፣ በቀኝ እጅ ይሥሩ፤ እግርዎን ወደዚያ ዘርግተው አይቀመጡ። በብዙ ቤት የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ወደዚያ አትቀርብም፤ ይህንን ማዳምን አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። የጠወለገ የመባ አበባ ከቆሻሻ ጋር አይጣልም፤ አትክልት ሥር ይደረጋል። በረንዳ ላይ የበሶብላ ዘመድ የሆነ ተክል በማሰሮ ካለ ቱልሲ ነው፤ ለምግብ እንዳይቆርጡት፣ እርሱም ይመለካል።

ከፑጃው በኋላ የሚታደለው ጣፋጭ ወይም ፍራፍሬ ፕራሳድ ይባላል። ለጣዖት የተሠዋ አልበላም የሚል እምነት ካለዎት ሁለት እጅዎን አጋጥመው «አመሰግናለሁ፣ በእምነቴ አልወስድም» ማለት ይበቃል። ተቀብሎ በኋላ መጣል ግን ከባድ ንቀት ነው።

የዝሆን ራስ ያለውን ምስል በከበሮ አጅበው ወስደው ውሃ ውስጥ ይጥሉታል። ያመለኩትን ለምን ይጥላሉ?
*ከአዳማ*

ያዩት የጋኔሽ ቻቱርቲ በዓል ፍጻሜ ነው፤ ነሐሴና መስከረም ግድም ይውላል። ምስሉ የሸክላ ጭቃ ነው። በመጀመሪያው ቀን ካህኑ ፕራና ፕራቲሽታ በተባለ ጸሎት አምላኩ እንዲያድርበት ይጠራዋል። እንደ ቤቱ ስእለት 1 ቀን ተኩል፣ 3፣ 5፣ 7 ወይም 10 ቀን ይስተናገዳል፤ ከዚያ የመሸኛ ጸሎት ይደረጋል። ጸሎቱ ሲያበቃ የቀረው ጭቃ ነው፤ ጭቃውም ወደ ውሃው ይመለሳል። እንግዳው ተሸኝቷልና የሚጣል አምላክ የለም። በዓሉ ዛሬ ባለው የአደባባይ መልክ የገነነው የነጻነት ታጋዩ ቲላክ ከ1893 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በማሃራሽትራ ስላስፋፋው ነው። ችግሩ የመጣው በጀሶ የሚሠሩ ምስሎች ሲበዙ ነው። ጀሶ እንደ ጭቃ አይሟሟም፣ ቀለሙም ውሃውን ይበክላል፤ በማግስቱ እጅና እግሩ የተቆረጠ ምስል ዳርቻው ላይ ተጋድሞ ይገኛል። ምእመናኑን ራሳቸውን የሚያሳዝን ነገር ነው። ምስልን ጨርሶ የማይቀበሉ ሂንዱዎችም አሉ፤ በ1875 (እ.ኤ.አ.) ዳያናንዳ ሳራስዋቲ የመሠረተው አርያ ሳማጅ የተባለ ማኅበር ወደ ቬዳው እሳት ተመልሷል።

በህንዳዊ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ዲዋሊ የሚሉት የመብራት በዓላቸው አንዴ በጥቅምት፣ አንዴ በኅዳር የሚሆነው ለምንድን ነው? ሂንዱ ሁሉስ ሥጋ አይበላም?
*ከቃሊቲ*

ሁሉም አይደለም። የላም ሥጋን አብዛኛው ይተዋል፤ በቤንጋልና በኬራላ ግን ዓሣ የዘወትር ምግብ ነው። አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ወደ ዲዋሊ ስንመጣ፣ ወራታቸው በጨረቃ ይቆጠራሉ። 12 የጨረቃ ወራት 354 ቀን ገደማ ናቸው፤ ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያንሳሉ። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ይህችን 11 በአበቅቴ ያውቃታል። የእስልምና አቆጣጠር ልዩነቱን ስለማይሞላ ረመዳን በክረምትም በበጋም ይዞራል። ሂንዱዎች ግን ልዩነቱ ሲጠራቀም በ32 ወይም በ33 ወር ገደማ አንድ ጭማሪ ወር ያስገባሉ፤ በ19 ዓመት 7 ጊዜ ይሆናል። ዲዋሊ የሚውለው በሰሜን ህንድ አቆጣጠር በካርቲካ ወር፣ ጨረቃ ጨርሳ በምትጠፋበት ሌሊት ነው። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት 14 ዋለ። ከዚያ በሐምሌ ጭማሪ ወር ስለገባ የሚቀጥለው ዲዋሊ 384 ቀን ቆይቶ በ2016 ኅዳር 2 መጣ።