«ቆሞም ይቃጠላል» ለተባለው መኪና

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ባለቤትሽ የኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ ነው። አንቺ ደግሞ «ቆሞም ይቃጠላል» ሲባል ሰምተሻል፤ መኪናው የሚቆመው ልጆቹ የሚተኙበት ክፍል ጎን ስለሆነ ጨንቆሻል። እዚሁ ጅማ 16 ዓመት የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ ያየሁትን ልንገርሽ።

ሲቃጠሉ በዓይኔ ያየኋቸው መኪኖች ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም የቤንዚን። አንዱን መቼም አልረሳውም። አጂፕ አካባቢ ነው፣ በጠዋት። ቤንዚን የሚያልፍበት የጎማ ቱቦ አርጅቶ ተሰንጥቋል፤ ጠብ ጠብ እያለ የጋለው ሞተር ላይ ይወርዳል። ባለቤቱ ሳምንት ሙሉ ሽታው ይሸተው ነበር፤ ዛሬ ነገ ሲል ቆየ። ጭሱን አይተን ሮጠን ኮፈኑን ስንከፍት እሳቱ ቦግ ብሎ ፊታችን ላይ መጣ። ቅንድቤ ተለበለበ። መክፈት አልነበረብንም፤ አየር ሲያገኝ ነው የባሰው።

ከተማችን ውስጥ የቤንዚን መኪና ስለሚበዛ የእኔ ሦስት መኪና ብዙ አያስረዳም። ስዊድን ግን ቃጠሎ በደንብ ይመዘገባል። እ.ኤ.አ. በ2022 ከ600,000 በላይ ከሆኑት የኤሌክትሪክና ሃይብሪድ (ባትሪና ነዳጅ አብረው የሚጠቀሙ) መኪኖች የተቃጠሉት 23 ገደማ ናቸው። ከቤንዚንና ከናፍጣዎቹ ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው። ነዳጅ ሲጠፋ በሃይላንድ ገዝተን ቤት የምናስቀምጠው ቤንዚን ከየትኛውም ባትሪ በላይ ያስፈራኛል።

ይሁን እንጂ ባትሪው አንዴ ከተያያዘ ከባድ ነው። ውስጡ ያሉት ሴሎች አንዱ ሌላውን እያጋለ ይቀጥላል። ትንሿ ቀይ ማጥፊያ አታቆመውም፤ በሺዎች ሊትር የሚቆጠር ውሃ ሊፈልግ ይችላል። ጠፋ ከተባለ በኋላም፣ ሰዓታት ወይም ቀናት ቆይቶ ሊነሳ ይችላል። ጭሱም መርዝ ነው። እንዲህ ከሆነ ልጆችሽን ይዘሽ መውጣት ነው፤ ለማጥፋት እንዳትሞክሪ። ባለቤትሽ ሲገዛ የባትሪውን ዓይነት ይጠይቅ። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ሙቀትን የተሻለ ይችላል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን የቤታችን ሽቦ ነው። ባለፈው አንድ ደንበኛዬ ጠርቶኝ ሄድኩ። መኪናውን ቻርጅ የሚያደርገው በተጠቀለለ ኤክስቴንሽን ነው፣ በላዩ ምንጣፍ ተነጥፎበታል። ስፒናው ቡናማ ሆኗል፤ እግሩ ሶኬቱ ውስጥ ቀልጦ ስለተጣበቀ በፒንሳ ነው የነቀልኩት። ግድግዳውን ስነካው ይሞቃል። በ10 አምፔር የሚሞላ ቻርጀር 2,200 ዋት ያህል ይስባል። ምጣድ ከዚያ በላይ ይስባል፣ ግን እንጀራው ሲያልቅ ይጠፋል። መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ይስባል፤ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ከባዶ ለመሙላት ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል።

ስለዚህ ከቆጣሪው ቀጥታ ለብቻው መስመር ይዘርጋለት። 6 ሚሊ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር፣ ደህና ኤርዝ (ወደ መሬት የሚገባው መስመር)። ኤክስቴንሽን በጭራሽ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቻርጅ ላይ እያለ ሶኬቱን በእጅሽ ዳሰስ አድርጊው፤ የሚጋል ከሆነ አጥፊውና ባለሙያ ጥሪ። መኪናውም ከልጆቹ መስኮት ፈንጠር ብሎ ቢቆም ይሻላል።

የግቢሽን ፎቶ፣ ቆጣሪው ያለበትን ጨምረሽ፣ እዚሁ ላኪልኝ። መስመሩ በየት ቢያልፍ እንደሚሻል እነግርሻለሁ።