ዲ750ን ልተወው ወይስ ልያዘው?

ጥያቄ፦ ሠርግ የማነሳው በኒኮን ዲ750 ካሜራ ነው። አዲሱ የኒኮን ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው) ካሜራ ዜድ6 ሦስት ከወጣ ወዲህ ጓደኞቼ «ምን ትጠብቃለህ?» እያሉ አላስቀምጥ ብለውኛል። ልቀይር? ሌንሶቼስ?

መልስ፦ ለፎቶ ጥራት ብቻ ከሆነ ይቅርብዎ። የእርስዎ 24.3 ሜጋፒክስል ነው፤ በ2024 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ዜድ6 ሦስት ደግሞ 24.5። ለዚህች ገንዘብ አይወጣም።

ልዩነቱ ፎከሱ ላይ ነው። የዲ750 51 የፎከስ ነጥቦች መሃል ላይ ተጠጋግተዋል። ሙሽራዋን ዳር ለማድረግ ፎከስ ይዘው ካሜራውን ማዞር አለብዎት፤ እስከዚያ እሷ ፊቷን ታዞራለች። ዜድ6 ሦስት ግን ዓይኗን ዳር ድረስ ይከተላል። ያለ ድምፅም ያነሳል፤ ቃል ኪዳን ሲገቡ «ቀጭ ቀጭ» የለም (ቄሱም ዞር ብለው አያዩዎትም)። ብቻ አንዳንድ የኤልኢዲ መብራት ስር ድምፅ አልባው ሹተር ፎቶው ላይ መስመር ሊያወጣ ይችላል። አዳራሹ ውስጥ ቀድመው ይሞክሩት።

ሌንሶቹን ለመሸጥ አይቸኩሉ። የሌንሱ አካል ላይ «ኤኤፍ-ኤስ» የሚል ካለ በኤፍቲዜድ አዳፕተር (የድሮውን ሌንስ ከአዲሱ ካሜራ ጋር በሚያገናኘው) ራሱ ፎከስ ያደርጋል። «ኤኤፍ-ዲ» ከሆነ ሞተር የለውም፣ በእጅ ማዞር ነው።

ዜድ6 ሦስት ባትሪ ቶሎ ስለሚጨርስ መለዋወጫ ይያዙ። እኔ ብሆን እገዛው ነበር፤ ዲ750ንም ለመጠባበቂያ አስቀረዋለሁ።