ብሉቤሪ አመድ አይወድም

ጥያቄው የመጣው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሚኖሩ አንዲት እናት ነው። ባለፈው ኤፕሪል ሦስት የብሉቤሪ ችግኞች ገዝተው በጓሯቸው ተክለዋል። ጉድጓዱ ውስጥ ፍግ ጨመሩ፤ እናታቸው አገር ቤት ለጓሮ ጎመን ሲያደርጉ ያዩትን አስታውሰው የከሰል አመድ በላዩ በተኑ፤ ቡና ባፈሉ ቁጥርም አተላውን ከሥራቸው ደፉ። አሁን ጁን ተጋምሷል። አዲስ የሚወጡት ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ጅማታቸው ብቻ አረንጓዴ ቀርቷል፤ የአንደኛው ቁጥቋጦ የቅጠል ዳር ደግሞ እሳት እንደ ለበለበው ቡናማ ሆኗል። «ምን አጓደልኩባቸው? ፍጉን ልጨምርላቸው ወይ?» ሲሉ ጠይቀዋል።

እባክዎ ፍግ አይጨምሩ። ችግኞቹ የተራቡ ቢመስሉም፣ የሚያስፈልጋቸው ምግብ በአብዛኛው እዚያው አፈሩ ውስጥ አለ። የእርስዎ ሰፈር አፈር ቀላ ያለ ሸክላ አፈር ነው፤ ቀይ ያደረገውም ብረት ነው። ነገር ግን አፈሩ አሲዳማ ካልሆነ ብረቱ ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር የብሉቤሪ ሥር ሊወስደው አይችልም። ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ በመካከሉ ያለው ቅጠል ቢጫ ሲሆን፣ በተለይም ጉዳቱ በለጋ ቅጠሎች ላይ ሲጀምር፣ ምልክቱ የብረት እጥረት ነው። ዳር ዳሩ የተለበለበው ደግሞ ከፍጉ የመጣ ጨው ያቃጠለው ይመስለኛል፤ ብሉቤሪ ጨው የማይችል ተክል ነውና።

አመዱን የበተኑበት ምክንያት በሚገባ ይገባኛል፤ በአገራችን ልማድ ትክክለኛ ሥራ ነው። በጎጃምና በወለጋ ደጋማ ቦታዎች ዝናቡ አፈሩን አጥቦ አሲዳማ ስለሚያደርገው ገበሬው ኖራ እየጨመረ ያክመዋል፤ አመድም የሚሠራው እንደ ኖራ ነው። ብሉቤሪ ግን ሌላው ሰብል የሚሸሸውን አፈር የሚፈልግ ተክል ነው። በሰሜን ተራሮችና በባሌ ከፍታ ላይ የሚበቅለውን አስታ ያውቁ እንደሆነ፣ ብሉቤሪ የእርሱ የሥጋ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ሲሆኑ፣ በደሃና አሲዳማ አፈር ላይ ከሥራቸው ጋር በሚኖሩ ፈንገሶች እየተረዱ መኖርን የለመዱ ናቸው። እዚህ አሜሪካ እንኳ ብሉቤሪን በእርሻ ማልማት ያስቸገረው ይህ ጠባዩ ሳይታወቅ በመቆየቱ ነበር። የዕፅዋት ተመራማሪው ፍሬድሪክ ኮቪል ተክሉ አሲዳማ አፈር እንደሚሻ በ1910 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ካሳወቁ በኋላ፣ የኒው ጀርሲዋ ኤልዛቤት ኋይት ከእርሳቸው ጋር ሠርተው በ1916 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የእርሻ ብሉቤሪ ለገበያ አቀረቡ።

የሚፈለገው የአሲድ መጠን በፒኤች መለኪያ ከ4.5 እስከ 5.5 ባለው ውስጥ ነው፤ እኔ ወደ 4.8 ቢጠጋ እመርጣለሁ። ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ትንሽ ቢመስልም መለኪያው በአሥር እጥፍ የሚሄድ ስለሆነ፣ ፒኤቹ 6.5 የሆነ አፈር 4.5 ከሆነው አፈር መቶ ጊዜ ያነሰ አሲድ አለው። ስለዚህ ጎመንዎ የሚፋፋበት መደብ ለብሉቤሪ ባዕድ አገር ነው ማለት ይቻላል።

ዛሬውኑ የሚሠራው እንዲህ ነው። አመዱን ከላይኛው ስስ አፈር ጋር በእጅዎ እየጠረጉ ያንሱት። መኮትኮቻ አይጠቀሙ፤ የብሉቤሪ ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፣ አብዛኛውም ከላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር አይወርድም፣ የሌሎች ተክሎች ሥር ያለው ውሃ መጣጭ ፀጉርም የለውም። አንድ ጊዜ በመኮትኮቻ የተቆረጠ ሥር ለመተካት ወራት ይወስድበታል። አረሙንም ወደፊት በእጅ ብቻ ይንቀሉ። ካጸዱ በኋላ የጨውን ብዛት ለማጠብ ውሃ ቀስ ብለው በብዛት ያጠጡ፤ ከዚያም ፓይን የሚባለውን የፈረንጅ ጥድ ቅርፊት ወይም የደረቀ ቅጠሉን ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ጉዝጓዝ መልክ ያልብሱት። ጉዝጓዙ ግንዱን መንካት የለበትም፤ የአንድ መዳፍ ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ይተዉለት፤ አለበለዚያ ግንዱ ይበሰብሳል።

የቡናው ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። አሲዱ በአብዛኛው ወደ ጀበናው ውሃ ስለሚወጣ አተላው ለገለልተኛ የቀረበ ሆኖ ይቀራል፤ አፈሩን አሲዳማ ያደርግልኛል ተብሎ የሚታመንበት አይደለም። በወፍራሙ ሲደፋ ደግሞ ይጋገርና ውሃ አላስገባ ይላል። ከብስባሹ ክምር ጋር ይቀላቅሉት እንጂ ከብሉቤሪው ሥር አይድፉት። ኮምጣጤም እንዲሁ አይረዳም፤ ለጥቂት ቀናት ሠርቶ ይጠፋል፣ ሥሩንም ሊያቃጥል ይችላል።

አሁን አንድ ነገር እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ። ከሦስቱ ደካማ ከሆነው አጠገብ አፈሩን በጣትዎ በቀስታ ገለጥ ያድርጉ። እኔ እንዲህ ያለውን ችግኝ ስነቅል ብዙ ጊዜ የማገኘው፣ ከተገዛበት ማሰሮ የወጣውን ቅርጽ እንደያዘ የቀረ ጥቁር እብጠት ነው። ሥሮቹ እንደ ተጠቀለለ ክር ዙሪያውን ይዞራሉ፣ አንዱም ወደ ቀዩ አፈር አልገባም። ከላይ የሚፈሰው ውሃ በዙሪያው ያለውን ሸክላ ያረጥባል፤ መሐሉ ያለው ፒት ሞስ የሚባለው የረግረግ ዕፅዋት ብስባሽ ግን እንደ ደረቀ ስፖንጅ ውሃውን ይገፋል። ተክሉ በርጥብ አፈር ተከቦ በጥም ይሞታል ማለት ነው። ጣትዎ እስከ ሁለተኛው አንጓ ሲገባ መሐሉ ደርቆ ካገኙት፣ የቧንቧውን ጫፍ ከግንዱ አጠገብ አስቀምጠው ውሃው ለግማሽ ሰዓት ያህል ጠብ ጠብ እያለ እንዲገባ ያድርጉ። ከዚያ በኋላ እስከ መኸር ድረስ፣ ዝናብ በሌለበት ሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ለእያንዳንዱ ቁጥቋጦ ከ4 እስከ 5 ሊትር ይበቃል። ከጣሪያ የሚወርደውን የዝናብ ውሃ በበርሜል ማጠራቀም ቢችሉ እጅግ ጥሩ ነው፤ ብዙ ከተሞች ቧንቧው እንዳይበላ ሲሉ የአሲድ ተቃራኒ አድርገው የሚልኩት ውሃ ከጊዜ ብዛት አፈሩን መልሶ ያበላሻል።

ቅጠሉ እስኪያገግም ድረስ ኪሌትድ አይረን የሚባለውን የብረት ማዳበሪያ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን መርጨት ይችላሉ። ይህ ማስታገሻ ነው፤ መድኃኒቱ የአፈሩ አሲድ ነው። ለዚያ የሚያገለግለው ድኝ ነው፤ እርሱም ራሱ አሲድ አይደለም። በአፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ቀስ በቀስ ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ ለዚህም ሙቀትና እርጥበት፣ ከሁሉም በላይ ወራት ያስፈልጋሉ። ሥራዬን በጀመርኩበት ዘመን የአንድ ደንበኛዬ ብሉቤሪ ቢጫ ሲሆንብኝ ቸኩዬ በአንድ ቀን ከሚገባው በላይ ድኝ በተንኩ። ለውጥ ባለማየቴ በሦስተኛው ሳምንት ደገምኩት። በቀጣዩ ጸደይ ከአራቱ ሦስቱ አልነቁም። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ቁጥቋጦዎቹ ጤነኛ ሥር ነበራቸው። ስለዚህ ሳያስመረምሩ አንድ ማንኪያ እንኳ እንዳይበትኑ። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኤክስቴንሽን አፈር የሚመረምሩ ላቦራቶሪዎችን ይጠቁማል፤ ናሙናውን ሲልኩ ለብሉቤሪ መሆኑን ይጻፉ፣ መልሱም የድኙን መጠን ይነግርዎታል። መጠኑ ብዙ ቢሆንም እንኳ ተክል ባለበት መሬት ላይ በአንድ ጊዜ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ100 ግራም አያስበልጡ፤ የቀረውን በየመንፈቁ ይከፋፍሉት። አሉሚኒየም ሰልፌት ፈጥኖ ይሠራል ተብሎ ይሸጣል፤ አሉሚኒየሙ ሥሩን ስለሚመርዝ አልመክረውም።

ዘንድሮ ሌላ ማዳበሪያ አያስፈልግም። በሚቀጥለው ዓመት ቅጠሉ ሲወጣ አዛሊያ ለሚባለው አሲዳማ አፈር ወዳድ የአበባ ቁጥቋጦ ተብሎ የሚሸጠውን ወይም አሞኒየም ሰልፌትን በትንሹ፣ ለአንድ ቁጥቋጦ 30 ግራም ገደማ፣ ከግንዱ ራቅ አድርገው ይበትኑ። ናይትሬት ያለበትን አይግዙ፤ ብሉቤሪ ናይትሮጅኑን የሚሻው በአሞኒየም መልክ ነው።

በዚህ ሙቀት ነቅለው እንዳያዛውሯቸው እለምንዎታለሁ። ቅጠላቸው ሲረግፍ፣ በኖቬምበር አካባቢ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ መደብ አዘጋጅተው፣ ግማሹን ፒት ሞስና የጥድ ቅርፊት፣ ግማሹን የራስዎን አፈር ቀላቅለው እንደገና ይትከሏቸው። በሸክላ አፈር የተቆፈረ ጉድጓድ በክረምቱ እንደ ጋን ውሃ ይይዛል፣ ሥሩም ይታፈናል። ሲተክሉ የተጠቀለለውን ሥር በጣትዎ ፈትተው ወደ ጎን ይዘርጉት፤ ይህን ሳያደርጉ መደቡን ብቻ ቢቀይሩ ልፋቱ ከንቱ ይሆናል። መሬቱ በረዶ ከመሆኑ በፊትም በየቁጥቋጦው ዙሪያ የሽቦ አጥር ያድርጉ፤ የሰፈራችሁ ጥንቸልና አጋዘን በጃንዋሪ ለስላሳውን ቅርንጫፍ እስከ መሬት ድረስ ይበላሉ።

የሚከብድዎት ነገር ከዚህ በኋላ ይመጣል። በሚቀጥለው ኤፕሪል ነጭ ደወል የመሰሉ አበቦች ያወጣሉ፤ አንድም ሳያስቀሩ በጣትዎ ይልቀሟቸው፣ በተከታዩም ዓመት ይድገሙት። ፍሬ ያፈራ ለጋ ቁጥቋጦ ሥሩን ለመስደድ የሚያውለውን ጉልበት ለፍሬው ይሰጣል፤ ተክሉ ሙሉ ምርት ለመስጠት ከ6 እስከ 8 ዓመት ስለሚወስድና ለአሥርት ዓመታት ስለሚኖር ሁለት ዓመት መታገሥ አይበዛበትም። መደቡን ከማዘጋጀትዎ በፊት ሦስቱም ችግኞች የተለያየ ዓይነት መሆናቸውን ከተገዙበት ምልክት ላይ ያረጋግጡልኝ፤ አንድ ዓይነት ከሆኑ፣ ንቦች የአንዱን ብናኝ ወደ ሌላው ሲያመላልሱ ፍሬው ትልልቅ ስለሚሆን፣ አብሮ የሚያብብ ሌላ ዓይነት አንድ ችግኝ በኖቬምበሩ መደብ ላይ ቦታ ይያዙለት።