«ዘሩ ነው» ተብሎ ስለቀረ ጋብቻ

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ ቤተሰቦቼ የሚኖሩት በምሥራቅ ጎጃም ገጠር ነው። ታናሽ እህቴን ለማግባት አንድ አስተማሪ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ልጁን ሁላችንም እንወደዋለን፤ ነገር ግን አባቱም አክስቱም የዝሆኔ በሽታ ስላለባቸው አባቴ «ዘሩ ነው፤ የልጅ ልጆቼን እግር አሳብጬ አልሞትም» ብለው ሽማግሌዎቹን መለሷቸው። አባቴን ለማስረዳት ብዬ ስፈላልግ ደግሞ በሽታው 63 በመቶ በዘር እንደሚወረስ በጥናት ተረጋግጧል የሚል ጽሑፍ አገኘሁ። ይህ ማለት ከሚወለዱት ልጆች ከመቶ ስልሳ ሦስቱ ይታመማሉ ማለት ነው? ተመራማሪዎችስ እንዲህ ያለ ቁጥር ሲያወጡ በቤተሰቦቹ ላይ የሚያስከትለውን አያስቡም?
ወንድም ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አይደለም። ቁጥሩ እውነተኛ ነው፤ የሚነበብበት መንገድ ግን ብዙ ሰው ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ በሚገኙ የሕሙማን ቤተሰቦች ላይ የተደረገ ጥናት ያወጣው ይህ ግምት፣ አንድ ልጅ የመታመም ዕድሉ ስንት እንደሆነ አይናገርም። የሚናገረው፣ በተጠኑት ሰዎች መካከል አንዱ ታሞ ሌላው ጤነኛ ሆኖ የቀረበት ልዩነት ምን ያህሉ ከትውልድ በመጣ የተፈጥሮ ልዩነት ሊገለጽ እንደሚችል ነው።

እስቲ ሁለት መንደሮችን ያስቡ። በመጀመሪያው መንደር ሰው ሁሉ ከልጅነቱ ጀምሮ በባዶ እግሩ ቀዩን አፈር ይረግጣል። አፈሩ ለሁሉም እኩል ስለ ደረሰ ሰውን ከሰው የሚለየው አፈሩ ሊሆን አይችልም፤ የሚታመመውና የማይታመመው የሚለየው በአብዛኛው በተፈጥሮው ይሆናል፤ በዘር ይወረሳል የሚባለው ድርሻም ከፍ ይላል። በሁለተኛው መንደር ግማሹ ሰው ጫማ ያደርጋል እንበል። ቤተሰቦቹ እነዚያው፣ ደማቸውም ያው ነው፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ግን አሁን በአብዛኛው ጫማው ስለሆነ ያው የዘር ድርሻ ዝቅ ብሎ ይገኛል። እንግዲህ 63 በመቶ የሚለው የዚያ አካባቢና የዚያ ዘመን ልኬት እንጂ የልጁ ወይም የአባቱ መለያ አይደለም። በዚያው ጥናት የሕሙማን ወንድሞችና እህቶች ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ያህል ተጋላጭ ሆነው መገኘታቸውም እውነት ነው፤ ሆኖም ወንድማማቾች አንድ ማሳ ላይ በባዶ እግራቸው አብረው ያደጉ መሆናቸውን አለመርሳት ነው።

አፈሩ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ላንሳ። ለሥጋ ደዌ ሥራ ወደ አገራችን የመጡት እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኤርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሕሙማኑ የሚገኙበትን ስፍራ ከአፈሩ ዓይነት ጋር ሲያስተያዩ፣ በሽታው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘውን ቀይ ሸክላማ አፈር ተከትሎ እንደሚሄድ አሳዩ። ዝናብ በሚበዛበት ደጋና ወይና ደጋ የሚገኘው የዚህ አፈር ደቃቅ ማዕድን በእግር ቆዳ በኩል ይገባል፤ ለጉዳቱ በተፈጥሮው ተጋላጭ በሆነ ሰው ላይም በእግር ውስጥ የሚጠራቀመውን ውኃ ወደ ደም የሚመልሱትን የሊምፍ ቱቦዎች እያስቆጣ ይዘጋቸዋል፤ ውኃው መመለሻ ሲያጣ እግር ያብጣል። ትንኝ ከምታስተላልፈው ሌላው የዝሆኔ ዓይነት የሚለየውም በዚህ ነው። ትል የለበትም፣ ተውሳክ የለበትም፣ አብሮ በመብላትም ሆነ አብሮ በመተኛት አይተላለፍም። በ2012 (እ.ኤ.አ.) 194 ሕሙማንና 203 ጤነኞች ተነጻጽረው በወጣ ጥናት ተጋላጭነቱ የሰውነትን የመከላከል ሥራ ከሚመሩ ዘረ መሎች ጋር እንደሚያያዝ ታይቷል። አባትዎ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ የሚወረስ ነገር አለ። የሚወረሰው ግን በሽታው ሳይሆን ለአፈሩ መሸነፍ ነው፤ እግሩ አፈር ያልነካው ተጋላጭ ሰው በዚህ በሽታ አይታመምም።

አያስቡም ወይ ላሉት፣ አስበዋል። የዘረ መል ጥናቱ ከመውጣቱ በፊት የተወሰኑት ተመራማሪዎች ወላይታ ሄደው የጥናት ፈቃድ እንዴት መጠየቅ እንዳለበት ከኅብረተሰቡ ጋር ተነጋግረው ነበር፤ በ2009 (እ.ኤ.አ.) የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ቤተሰቦቹ የሚፈሩት የመርፌውን ሕመም ሳይሆን ጥናቱ «በዘር ነው» የሚለውን ወሬ አጽንቶ መገለላቸውን እንዳያብስባቸው ነበር። ፍርሃታቸው በእርስዎ ቤት ደርሶ እያየነው ነው። እኔ ግን ጥፋቱን የማየው ቁጥሩን ከአፈሩና ከጫማው ነጥለን በምናሰራጭ ጸሐፊዎች ላይ ነው፤ እንደኛ ያሉ መጽሔቶችም ከዚህ ነጻ አይደሉም።

ለአባትዎ ከመቶኛው ይልቅ ስለ እግር ቢነግሯቸው ይሻላል። በሽታው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ ስለሆነ፣ ልጁ በልጅነቱ በባዶ እግሩ ያደገ ከሆነ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ሄዶ እግሩን ቢታይ መልካም ነው፤ የጣቶች አካባቢ ማሳከክ፣ ሌሊት እግር ማቃጠልና ማታ አብጦ ጠዋት የሚጎድል እግር የመጀመሪያ ምልክቶች ናቸውና ቶሎ ከተደረሰበት እብጠቱ ይመለሳል። ለሚወለዱት ልጆች መፍትሔው መራመድ ሲጀምሩ የሚደረግ ሽፍን ጫማ ነው። ሸበጥና በረባሶ የእግሩን ላይኛ ክፍል ለአፈር ክፍት ስለሚተዉ አይበቁም፤ ለቤተ ክርስቲያንና ለገበያ ብቻ ተቆጥቦ ለእርሻ የሚወልቀው ጫማም እንዲሁ።

የልጁ አባት ጉዳይም መረሳት የለበትም። በዚያው በምሥራቅ ጎጃም የተደረገና በ2018 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ሙከራ፣ እግርን በየቀኑ በሳሙናና ባለሙያ በሚወስነው መጠን በረኪና ጠብ በተደረገበት ውኃ ማጠብ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለልና ካልሲና ጫማ ማድረግ፣ ብዙዎች «ምች» ነው ብለው የሚያልፉትን ትኩሳትና የእግር ሕመም በአንድ አምስተኛ ያህል እንደቀነሰ አሳይቷል። ለአንድ ገበሬ ይህ በዓመት ውስጥ ከአልጋ ተነሥቶ ማሳው ላይ የሚውልባቸው ተጨማሪ ቀናት ማለት ነው፤ ከእነዚህ ሌላ የሚያስፈልገውም አንድ ሳፋ፣ ውኃና ጎንበስ ብሎ የሚያጥብለት ሰው ነው።