የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የድሮ ካርታና ሜታል ዲቴክተር

ጥያቄ፦ በጎንደር ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። በእንግሊዝ አገር ሌስተርሸር በሚባለው አውራጃ የሚኖር ታናሽ ወንድሜ በዕረፍት ቀናቱ ሜታል ዲቴክተር (የተቀበረ ብረታ ብረት የሚጠቁም መሣሪያ) ይዞ በእርሻ ማሳዎች ላይ የጥንት ሳንቲምና ቁሳቁስ ይፈልጋል። አንድ ገበሬ በሰፊ መሬቱ ላይ እንዲፈልግ ፈቅዶለታል፤ ይሁንና ከየት መጀመር እንዳለበት ግራ ገብቶታል። ጓደኞቹ «የድሮ ካርታ ተመልከት» ስላሉት ጉዳዩን ወደ እኔ አመጣው። ለመሆኑ በድሮ ካርታ ላይ ምን ይፈለጋል? የትኛውስ ይታመናል?

መልስ፦ መምህር፣ ወንድምዎ ጥያቄውን ለሚገባው ሰው አቅርቧል፤ የዚህ ሥራ ትልቁ ድርሻ የሚከናወነው ወደ ማሳው ከመሄድ በፊት ጠረጴዛ ላይ ነውና። ዕቃ የሚጠፋው ሰው በሚበዛበትና በሚመላለስበት ስፍራ ነው። በጥምቀት ማግሥት በፋሲል መዋኛ ዙሪያ ስንት የአንገት መስቀል፣ ጉትቻና ሳንቲም ወድቆ እንደሚቀር መገመት አያዳግትዎትም። ስለዚህ ካርታው የሚጠየቀው ሰዎች የት ይሰበሰቡ፣ በየት በኩል ያልፉ፣ የት ቆመው ይገበያዩ እንደ ነበር ነው። የገበያ ሜዳ፣ የወንዝ መሻገሪያ፣ የውኃ ጉድጓድ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስድ የእግር መንገድ፣ የመንገድ መጋጠሚያ፣ የፈረሰ ቤት፤ ዓይን ማረፍ ያለበት በእነዚህ ላይ ነው።

የሚያምር ካርታ ሁሉ ግን አይጠቅምም። ክሪስቶፈር ሳክስተን እ.ኤ.አ. በ1579 ያሳተመው አትላስ የእንግሊዝን አውራጃዎች በአስደናቂ ጥበብ ቢያሳይም፣ አንዱን ማሳ ከሌላው ለመለየት ምንም አይረዳም። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው እያንዳንዱ የማሳ ድንበር ተለክቶ የተሣለበት ካርታ ነው። በእንግሊዝ አገር ለቤተ ክርስቲያን በዓይነት ይከፈል የነበረው አሥራት በገንዘብ እንዲተካ እ.ኤ.አ. በ1836 ሕግ ሲወጣ፣ በየአጥቢያው የአሥራት ካርታ ተሠራ፤ ከካርታው ጋር ባለው መዝገብም የእያንዳንዱ ቁራሽ መሬት ባለቤት፣ ያዡ፣ ስፋቱ፣ የሚሰጠው አገልግሎትና ስሙ ተጽፏል። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን የስም ዓምድ ነው። ዛሬ ባዶ እርሻ የሆነው መሬት በመዝገቡ «የገበያ ሜዳ» ወይም «የጸሎት ቤት ማሳ» ተብሎ ከተገኘ፣ ሌላ ምንም ምልክት ባይኖር እንኳ እዚያ መጀመር ተገቢ ነው። ነገር ግን በሌስተርሸር ብዙ አጥቢያዎች አሥራታቸውን ያስቀሩት ከዚያ ቀደም ብሎ የጋራ መሬት ለግለሰቦች ሲከፋፈል ስለሆነ፣ ወንድምዎ የአሥራት ካርታ ሊያጣ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ የመሬት ክፍፍሉን ካርታ በአውራጃው መዝገብ ቤት ይጠይቅ።

ቀጥሎ ኦርድናንስ ሰርቬይ የተባለው የአገሪቱ የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት በ19ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በ1:10,560 እና በ1:2,500 ስኬል (ካርታው መሬቱን ባሳነሰበት መጠን) ያወጣቸው ካርታዎች ይመጣሉ። የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት እነዚህን በኢንተርኔት በነጻ ያቀርባል፤ የድሮውን ካርታ ከዛሬው የሳተላይት ምስል ጎን ለጎን ወይም በላዩ ላይ አድርጎ ማየትም ይቻላል። ዋናው ዘዴ ማነጻጸር ነው። በአንዱ ዘመን ካርታ ላይ የነበረ ቤት በሚቀጥለው ከሌለ፣ ያ ቦታ ሰው ኖሮበት የተወው ቦታ ነው፤ በላዩ ላይ አዲስ ግንባታ ካልተሠራበትም አፈሩ ብዙ ሳይረበሽ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። የእግር መንገድ ተቋርጦ ከቀረ፣ መንገዱ አጥር ያቋርጥበት የነበረውን ነጥብ ይፈልግ፤ ሰው አጥር ሲሻገር ጎንበስ ቀና ስለሚል ኪሱ የሚራገፈው እዚያ ነው።

የከፍታ መስመሮችንም ችላ አይበል። ወንዝ በሚሞላው ዝቅተኛ ሜዳ ላይ ጎርፍ በየዓመቱ ደለል ስለሚያለብስ የጥንቱ መሬት ጠልቆ ይቀበራል፤ ብዙዎቹ መሣሪያዎች ደግሞ ከ25 ሴንቲ ሜትር በታች ያለ ነጠላ ሳንቲም አያገኙም። በታረሰ ተዳፋት ላይ ነገሩ ይለያል፦ ማረሻ ዕቃውን ወደ ላይ ያወጣዋል፤ ውኃና ስበት ደግሞ ቀስ በቀስ ወደ ታች ስለሚገፉት የተገኘበት ቦታ ከወደቀበት ቦታ ሊራራቅ ይችላል።

ስለ መስመር ውፍረት አንድ ስሌት ልጨምር፤ ለተማሪዎችዎም ይሆናል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስመር በ1:2,500 ካርታ ላይ በመሬት 1.25 ሜትር፣ በ1:10,560 ላይ 5 ሜትር ያህል፣ በ1:50,000 ላይ ደግሞ 25 ሜትር ይሸፍናል። ስለዚህ በትንሽ ስኬል ካርታ ላይ የፈረሰ ቤት ምልክት ቢያይ፣ ነጥቡን ሳይሆን ዙሪያውን ሰፋ አድርጎ በሥርዓት ማሰስ ይኖርበታል። የድሮውን ካርታ በራሱ ኮምፒዩተር ከዛሬው ጋር የሚያስማማ ከሆነም፣ ቢያንስ ሦስት ያልተንቀሳቀሱ ነጥቦችን፣ ለምሳሌ የቤተ ክርስቲያን ግንብ፣ የድንጋይ ድልድይ ወይም የመንገድ መጋጠሚያ ይምረጥ፤ የወንዝ ዳር ፈጽሞ አይጠቀም፣ ወንዝ ይዞራልና። አራተኛ ነጥብ ለማረጋገጫ ብቻ ያስቀር፤ ወረቀት በዕርጥበትና በዕድሜ ስለሚሸበሸብ ሦስቱ ነጥቦች ተስማምተው ሌላው ቦታ ሊዛነፍ ይችላል።

ወንድምዎ በሚኖርበት በዚያው አውራጃ የተሠራ ትልቅ ምሳሌ አለ። ንጉሥ ሪቻርድ ሣልሳዊ የወደቀበት እ.ኤ.አ. የ1485ቱ የቦስዎርዝ ጦርነት የተካሄደው አምቢየን በተባለው ኮረብታ ላይ ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ተመራማሪዎች የድሮ ሰነዶችንና የማሳ ስሞችን ሰበሰቡ፤ ጥንታዊው ረግረግ የት እንደ ነበረ ከአፈሩ አጠኑ፤ ከዚያም ማሳዎቹን በዲቴክተር በሥርዓት ፈተሹ። ከ30 በላይ የእርሳስ መድፍ ጥይቶችና የሪቻርድ አርማ የሆነው፣ በወርቅ የተለበጠ የብር ከርከሮ የተገኙት ከኮረብታው ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። ይህን ያህል ታሪክ ሊቃና የቻለው እያንዳንዱ ግኝት የወጣበት ነጥብ በጂፒኤስ ስለተመዘገበ ነው። ወንድምዎም እንዲሁ ያድርግ፤ የገበሬው ፈቃድ ብቻውን እንደማይበቃም ይወቅ። በመንግሥት በተከለለ ጥንታዊ ቦታ ላይ ያለ ልዩ ፈቃድ በዲቴክተር መፈለግ ወንጀል ነው፤ ሕጉ ውድ ሀብት ብሎ የሚመድበው ግኝት ደግሞ ኮሮነር ለሚባለው ሹም በ14 ቀናት ውስጥ መነገር አለበት።

ጥያቄ፦ የአዘዞ ነዋሪ ነኝ። ዘመዴ ከውጭ አገር ሜታል ዲቴክተር ሊልክልኝ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራ የጎንደር ካርታ ፎቶም አለኝ። በዚያ እየተመራሁ በአዘዞና በቁስቋም አካባቢ ብፈልግ ምን ይመስልዎታል?

መልስ፦ እንዳያደርጉት በብርቱ እለምንዎታለሁ። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ማንም ሰው ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይኖረው ቅርስ መፈለግ አይችልም። የእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበው ከፋሲል ግቢ ጋር የተካተተ ነው። በአዘዞም ዐፄ ሱስንዮስ ባሠሩት በገነተ ኢየሱስ የስፔን አርኪዮሎጂስቶች በፈቃድ ቆፍረው አጥንተዋል።

ከሕጉም በላይ የሚያሳስበኝ ከአፈሩ የሚጠፋው ዕውቀት ነው። ጎንደር ከ1628 ዓ.ም. ጀምሮ የነገሥታት መቀመጫ ስትሆን፣ በ1859 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ፣ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ በደርቡሽ ተቃጥላለች። እንዲህ ባለች ከተማ አንድ የነሐስ ዕቃ ከየትኛው የአመድ ንብርብር በታች እንደ ነበረ ካልታወቀ፣ ስለ ዘመኑ ሊናገር የሚችለው ነገር ሁሉ ከእርሱ ጋር ይጠፋል። በጉድጓድ ፈልፍሎ ያወጣው ሰው ዕቃውን ቢያስረክብ እንኳ ንብርብሩን መመለስ አይችልም። የሕይወት አደጋም አለ። ጣሊያኖች ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጃቸውን እስኪሰጡ ድረስ የከተማውን ዙሪያና እንደ ቁልቋል በር ያሉትን መተላለፊያዎች በምሽግና በፈንጂ ሲከላከሉ ነበር፤ ዲቴክተር ደግሞ ፈንጂን ከብረት ድስት ክዳን ለይቶ አይናገርም።

ካርታዎን ግን አይጣሉት፤ በእጅዎ ያለው እርሱ ከዲቴክተሩ የበለጠ ዋጋ አለው። አስቀድመው የተለካ ካርታ ይሁን ወይስ ሊሠራ የታሰበ ከተማ ፕላን ይለዩ። ጣሊያናዊው አርክቴክት ጌራርዶ ቦሲዮ በወረራው ዘመን ለጎንደር ያዘጋጀው ዓይነት ፕላን የሚያሳየው ምኞትን ጭምር ስለሆነ፣ በወረቀቱ ላይ ያለ ሕንፃ ሁሉ ተሠርቶ ነበር ማለት አይደለም። የተለካ ካርታ ከሆነ ከዛሬው የሳተላይት ምስል ጋር ያስማሙት፤ የፋሲል ቤተ መንግሥት ማማዎችና የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ለዚህ የማይነቃነቁ ነጥቦች ናቸው። በቀሐና በአንገረብ ወንዞች መካከል ዛሬ የማይታይ ግንብ፣ ቅጥር፣ የውኃ ጉድጓድ ወይም የቆየ መንገድ ካገኙ፣ መሬቱን ሳይነኩ ቦታውን ጎብኝተው ፎቶግራፍ ያንሡ፤ የሰፈሩን አረጋውያን ጠይቀው የቦታውን ስም ይጻፉ፤ ከዚያም ለከተማው የባህልና ቱሪዝም መምሪያ ያስረክቡ። ከተማው በፍጥነት እየተገነባ ስለሆነ ነገ መሠረት ሊቆፈርበት የሚችለውን ቦታ ዛሬ ማሳወቅ ታላቅ አገልግሎት ነው። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1535 ዓ.ም. ከፖርቱጋል ነፍጠኞች ጋር ሆነው ግራኝ አሕመድን ድል ያደረጉበት የወይና ደጋ ጦር ሜዳም አንድ ቀን በባለሙያዎች እጅ በቦስዎርዝ መንገድ ቢጠና ከልቤ እመኛለሁ፤ የነፍጥ የእርሳስ አረር በአፈር ውስጥ ለዘመናት ይቆያልና።

ቤት ሲሠሩ ወይም ሲያርሱ ሳይፈልጉት ቅርስ ቢወጣ ግን ግዴታዎ ሌላ ነው፦ ሥራውን ያቁሙ፤ ዕቃውን አይጠቡት፣ አይፈግፍጉት፤ እንደ ነበረ ጠብቀው ወዲያውኑ ያሳውቁ።

ጥያቄ፦ ከታተመው 1:50,000 ካርታ ላይ ያነበብኩትን የቦታ መለያ አኃዝ (ኮኦርዲኔት) ስልኬ ላይ ሳስገባ የሚያሳየኝ ሌላ ቦታ ነው። ስሕተቱ የማን ነው?

መልስ፦ የማንም አይደለም። የአገራችን የቆዩ 1:50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በተባለው የልኬት መነሻ (የቦታ አኃዝ በሚቆጠርበት መሠረት) ሲሆን፣ ስልክዎ የሚጠቀመው ደብሊውጂኤስ 84 የተባለውን ነው። በጎንደር አካባቢ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ200 ሜትር በላይ ይሆናል። በካርታው ኅዳግ ላይ የተጻፈውን የመነሻ ስም አንብበው፣ እንደ ኪውጂአይኤስ ባለ ነጻ የካርታ ፕሮግራም ይቀይሩት። በ19ኛው መቶ ዘመን በፈረንሳውያን የተሠራ ካርታ ካጋጠመዎት ደግሞ ኬንትሮሱ ከግሪኒች ይሁን ከፓሪስ የተቆጠረ ያጣሩ፤ በሁለቱ መካከል 2 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ስላለ፣ በጎንደር ኬክሮስ ላይ ወደ 250 ኪሎ ሜትር ያሳስታል።