ለጨዋታ ነው እንዴ የምከፍለው?

ጥያቄ፦ ልጄ 6 ዓመቱ ነው። አያቱ ካረፉ ወዲህ ዝምታ አብዝቷል፣ ትቶት የነበረውን አልጋ ላይ መሽናትም እንደገና ጀምሯል። በጨዋታ የምታክም ባለሙያ ጋ መውሰድ ከጀመርን 4 ሳምንት ሆነን። ሲወጣ "ምን አደረጋችሁ?" እለዋለሁ፣ "ተጫወትን" ይለኛል፣ አለቀ። ለመጫወትማ ቤታችን መጫወቻ ሞልቶ የለ? ገንዘቤን እየጣልኩ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ "ምን አደረጋችሁ?" የሚለውን ጥያቄ ተይው። ልጁ እየደበቀሽ አይደለም። "አንቺም እንደ አያቴ ትሞቺብኛለሽ ብዬ ፈራሁ" የሚልበት ቃል ገና የለውም። ስለዚህ አሻንጉሊቷን አሸዋ ውስጥ ይቀብራል፣ ያወጣታል፣ ደግሞ ይቀብራታል። ባለሙያዋ ደግሞ አጠገቡ ቁጭ ብላ "ቀበርካት... አሁን አወጣሃት" ትለዋለች እንጂ ለምን ብላ አታፋጥጠውም፣ አታርመውም። ቨርጂኒያ አክስላይን የምትባል አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተመችው መጽሐፍ ያስተማረችው ይሄንኑ ነው፤ ልጁ ይምራ፣ አዋቂው ይከተል። ልቅ ነው ማለት ግን አይደለም። ራሱንም ሆነ ባለሙያዋን መጉዳት ክልክል ነው።

4 ሳምንት ገና መጀመሪያው ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንዴ፣ ከ30 እስከ 50 ደቂቃ ይሰጣል፤ ወራት ሊፈጅ ይችላል። መሃል ላይ ንዴቱ ብሶበት ልታይው ትችያለሽ። አትደንግጪ፣ ግን ንገሪያት።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከሷ ጋር ለብቻችሁ ቁጭ ብላችሁ አውርታችሁ ታውቃላችሁ? ልጁ የተናገረውን ቃል በቃል ላትነግርሽ ትችላለች፣ ልክም ነች። ግን ምን እንደከበደው፣ ቤት ምን ብታደርጊ እንደሚጠቅመው ልትነግርሽ ይገባል። በዚህ ሙያ የት እንደሰለጠነችም ሳታፍሪ ጠይቂ፤ ልጅ መውደድ ብቻውን አያሳክምም። አልጋ ላይ መሽናቱን ደግሞ ሐኪም ይየው፣ ሁሉም ነገር ከሐዘን ላይሆን ይችላል።

ቤት ውስጥም በሳምንት ግማሽ ሰዓት ስልክሽን ዘግተሽ መሬት ላይ ተቀመጪለት። ምን እንጫወት የሚለውን እሱ ይወስን።

እና እባክሽ፣ እዚያ ስትወስጂው አዲስ ልብሱን አታልብሺው። አሸዋ አለ፣ ቀለም አለ። "እንዳትቆሽሽ" ብለሽ ከላክሽው ሰዓቱን ሙሉ ሸሚዙን ሲጠብቅ ነው የሚያልፈው።